ቤዛዊት ያልከለከለችው ፒክአፕ

ሰው መኪና ሲገዛ ለራሱ የገዛ ይመስለዋል። ዓምደሚካኤልም መስሎት ነበር። ከሜሪላንድ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ አካባቢ የሚኖር የሴራሚክ ሠራተኛ ነው፤ የሰው መታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት ወለል ያነጥፋል። ታኮማዋን የገዛት መቁረጫ ማሽኑን፣ የሲሚንቶ ከረጢቱንና የሴራሚክ ካርቶኑን እንድትሸከምለት ነው። መካከለኛ ፒክአፕ ናት፤ ለአንድ ሰው ሥራ ልክ ናት። ጣጣው የመጣው አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይዟት የገባ ጊዜ ነው። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ ፊቷን ትቶ ኋላዋን ሲያይ ዓምደሚካኤል መጠርጠር ነበረበት፤ እሱ ግን መኪናዬን ወደዱልኝ ብሎ ደስ አለው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሚባል ቀን የለውም። ቤት የሚቀይር ሁሉ ይደውልና «አምዴ፣ ያችን ፒክአፕህን ይዘህ ብቅ በል እስቲ» ይለዋል። «ብቅ በል» ማለት አልጋ፣ ፍራሽ፣ ፍሪጅና የአማት ሻንጣ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ነው። ለቅሶ ሲሆን የእድሩን ድንኳንና ወንበር ያመላልሳል፤ ክርስትና ሲሆን ድስቱን። ለፋሲካ ቅርጫ ከገበሬ የተገዛውን በሬ ብልት በብልት ጭኖ ለየቤቱ ያድላል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የሥጋ ሽታ የማይለቃት መኪና ይዞ ፈረንጅ ቤት ሥራ ይገባል። ውለታው ግን ያለ ምስጋና አልቀረም። «ዘርህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ» ብሎ የማይመርቀው የለም። ምርቃት ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ታኮማዋ ጎንደር ደርሳ በተመለሰች ነበር።

እንቢ ማለት አይችልም። ልጁ ሶሊ ሁልጊዜ ትገረምበታለች። «ዳድ፣ ለምን ዝም ብለህ ኖ አትላቸውም? ኢትስ ዋን ወርድ» ትለዋለች። ተወልዳ ያደገችው እዚህ ስለሆነ ነገሩ አንድ ቃል ብቻ ይመስላታል።

አንድ መከላከያ ግን ነበረችው፤ የመኪናዋ ማነስ። «አይ ጋሼ፣ ኋላዋ እኮ አጭር ናት፣ ይሄን አትችልም» ሲል ማንም አይቀየመውም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነዋ። ከአንድ ሙሉ ቁም ሣጥንና ከአንድ ፒያኖ በዚህ ሰበብ አምልጦ ያውቃል።

ይህችንም መከላከያ ወዳጆቹ አፈረሱበት። ከዐቢይ ጾም በፊት ለቅሶ ቤት ሲሄድ የድንኳኑ ቋሚ ከታኮማዋ ጫፍ ተንሸራቶ አስፋልት ላይ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም፤ የተጎዳው የታኮማዋ ስም ነው። በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሙላቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻያቸውን ይዘው ቀረቡትና፣ «አምዴ ልጄ፣ ይቺ መኪና አነሰችብህ» አሉት። «አነሰችብን» ማለታቸው ነበር። ወዲያው ጉባኤ ተዘረጋ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። የትልቁ ፒክአፕ ኋላ ስድስት ጫማ ተኩል ነው የሚል መጣ፤ ድንኳኑን ከነወንበሩ በአንድ ጊዜ ያነሳል የሚል መጣ፤ ከኋላው ጋሪ ቢቀጠልለት ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ያሰላም ነበር። እነዚህ ሁሉ የፒክአፕ ሊቃውንት የሚነዱት ካምሪ የቤት መኪና ነው።

«ትልቁ ታንድራ ነው የሚያዋጣህ» አለው ጓደኛው ጊዲዮን። ጊዲዮን ኡበር ይሠራል፤ ሮክቪል ነው የሚኖረው። «ፉል ሳይዝ ግባና ተገላገል። ሁለት ጊዜ ከምትመላለስ አንዴ ትጨርሳለህ።»

እውነቱን ለመናገር ዓምደሚካኤልም አልጠላውም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ፣ ለማንም ሳይነግር፣ መኪና መሸጫ ሄዶ አንዱን ታንድራ ለሙከራ ነዳው። ከፍ ብሎ ተቀምጦ የሰውን ሁሉ መኪና ጣሪያ ቁልቁል ሲያይ የቀበሌ ሊቀ መንበር የሆነ መሰለው። መንገድ የሚለቁለት በዙ። መስተዋቱን እያየ ለብቻው ፈገግ አለ፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው በመኪና እንዲህ መሆኑ አሳፍሮት ፈገግታውን ሰበሰበ። ከዚያ ወደ ቤቱ ነዳውና የአፓርትመንቱ ጋራዥ መግቢያ ላይ የተንጠለጠለው የከፍታ መለኪያ ቢጫ ብረት ጣሪያውን ኳ አደረገው። ውጭ ያለው ማቆሚያ ላይ ሞከረ፤ አፍንጫው ወጥቶ የጎረቤት መንገድ ዘጋ። ብዙዎቹ ደንበኞቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፤ እዚያ ታኮማዋን እንኳ ለማቆም ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ይሄን ይዞ ቢሄድ ሲዞር ይመሽበታል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር አለ። ሁሉን የምትችል መኪና የያዘ ሰው «አትችልም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ዓምደሚካኤል ይሄን አሰበና መሪውን አዞረ። ታንድራውን መለሰና በታኮማዋ ቤቱ ገባ፤ ጉዳዩንም በልቡ ዘጋው።

መወሰኑ ቀላል ነበር። መናገሩ ነው ያቃተው።

በፋሲካ ማግስት ጋሽ ሙላቱ በሰው ፊት «እህሳ፣ ምን ወሰንክ?» ሲሉት «አልፈልግም» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «እኔማ ፈቃደኛ ነበርኩ ጋሼ፤ ቤዚ እንቢ አለችኝ።»

ቤዚ ሚስቱ ቤዛዊት ናት። ያን ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትሠራበት ፋርማሲ ቆማ የሰው መድኃኒት ትቆጥራለች። ስለ ታንድራው የምታውቀው ነገር የለም፤ የጠየቃትም የለም።

ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጊዲዮን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በሚስት የመጣ እንቢታ እንደ ዝናብ ነው፤ የሚከራከረው የለም። ዓምደሚካኤል እንዲህ ያለ መድኃኒት ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ አለማወቁ ቆጨው። መድኃኒት ሲሠራ ደግሞ ሰው ያበዛዋል። ቅዳሜ «ብቅ በል» ሲሉት «ቤዚ ተቆጣች» ይላል። ድንኳን ሲባል «ቤዚ መኪናውን አላስነካም አለች» ይላል። ቅዳሜዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱለት። አርፍዶ ተኛ። ከሚስቱ ጋር ሐይቅ ዳር ይንሸራሸር ጀመር። ቤዛዊት ክንዱን ይዛ «እግዜር ሰማኝ፤ ስንት ዘመን የለመንኩት ነው» ስትለው «እኔም ደክሞኝ ነበር» አላት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታቸው ከምን እንደተሠራ የሚያውቀው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በሐምሌው ሙቀት ቤዛዊት እራት እያቀረበች ሳለ እጇ ቆመ።

«እትዬ ውብነሽ ምን አድርጌያቸው ነው?» አለች።

እትዬ ውብነሽ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች የሚመሩ፣ ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍና ማን ዶሮውን እንደሚሠራ የሚወስኑ ትልቅ ሴት ናቸው። ዶሮው ሁልጊዜ የቤዛዊት ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም። እሱ ነው እኮ። ለክርስትናው ሁሉም ሲጠራ እኔን አልጠሩኝም። ዛሬ ስስማቸው በአንድ ጉንጭ ሳሙኝ፣ አምዴ። በአንድ ጉንጭ! እኔ ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ።»

«ተይው፣ የሀበሻ ነገር ነው» አለና እንጀራውን ጠቀለለ። ልቡ ግን ጠርጥሯል። ልቡንም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በሰበብ መለሰው። ያን ምሽት ቤዛዊት ሳህን ስታጥብ ውሃውን ከሚገባው በላይ ከፍታ ለቀቀችው፤ ሰው እንዳይሰማት የምታለቅስ ሴት እንደምታደርገው። ዓምደሚካኤል ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ።

ከመስቀል በኋላ በአንድ እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ቤዛዊት ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ፊት ያሉት ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ቀጥሎ ንግግር የሚያውቁት ጋሽ እንግዳወርቅ። ሦስተኛው፣ ሽማግሌ ሁለት ሆኖ ስለማይላክ፣ ለመሙያ የመጡ ዝምተኛ አባት ናቸው።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች ቤዛዊት።

ገቡ፤ አልተቀመጡም። «የመጣንበት ጉዳይ እሺታ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሙላቱ።

ቤዛዊት ክው አለች። ጋቢ ለብሶ፣ ሦስት ሆኖ፣ አልቀመጥም ብሎ የሚቆም ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ዓይኗ ወደ ሶሊ መኝታ ቤት በር ሄደ።

«ጋሼ፣ ልጄ ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት» አለች።

«ለልጅሽ አይደለም የመጣነው» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «ለመኪናው ነው።»

ዓምደሚካኤል ከተቀመጠበት ሆኖ ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምናለ ብሎ ተመኘ፤ ያሉት ግን አራተኛ ፎቅ ነው።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ቤዛዊት፣ ልንወቅስሽ አልመጣንም። ሴት ለቤቷ ብትሳሳ ደግ ነው። ባልሽ ግን ለወገን ሊተርፍ ሲነሳ እጁን መያዝ ጥሩ አይደለም። ከፋሲካ ጀምሮ ‹ቤዚ እንቢ አለች፣ ቤዚ ተቆጣች› እያለን አንገቱን ሲደፋ አዘንን። ትዳር መቻቻል ነው። እባክሽ ልብሽ ይራራ፤ ትልቁን ፒክአፕ ይግዛ።»

ቤዛዊት በቀስታ፣ «እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት?» አለች።

ይሄን የጠየቀችው ሽማግሌዎቹን ነው፤ ያየችው ግን ባሏን ነው። ዓምደሚካኤል በፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ አየ፤ ክርስትናው፣ ጉንጩ፣ የሚቋረጠው ወሬ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ተነሳ።

«ጋሼ፣ ውሸት ነው» አለ። «ቤዚ ምንም አልከለከለችኝም። ጠይቄያትም አላውቅም። መኪናውን የማልፈልገው እኔ ነኝ። እንቢ ማለት አፍሬ በእሷ አሳበብኩ።»

የጋሽ ሙላቱ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አያችሁልኝ?» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «የጨዋ ልጅ! ሚስቱ በሽማግሌ ፊት እንዳታፍር ጥፋቱን ለራሱ ወሰደ!»

«እውነቴን ነው ጋሼ፣ ማርያምን!»

«ማርያምንም ጠራላት!» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

ዝምተኛው አባት በዚያን ዕለት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «እንዲህ ያለ ባል ዛሬ የለም» አሉ፤ ቤዛዊትንም በሐዘኔታ አዩአት።

ዓምደሚካኤል ደግሞ ሊምል ሲነሳ ቤዛዊት እጇን አንስታ አስቆመችው። «ይግዛ» አለች። «ፈቅጃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እልል ማለት ሲቀራቸው ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ትዳሩን መረቁ፤ ገና ያልተገዛውንም መኪና መረቁ። ሲወጡ ጋሽ ሙላቱ ዓምደሚካኤልን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት።

በሩ ሲዘጋ ቤዛዊት እዚያው ቆማ ቀረች።

«ከፋሲካ ጀምሮ ያለቀስኩት ለመኪና ነው?» አለች።

«ነገ እየዞርኩ ለእያንዳንዳቸው እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ማን ያምንሃል? ዛሬ እኮ ነገርካቸው። ይኸው አንተ መልአክ ሆንክ፤ እኔ ባሌን በማርያም የማስምል ሆንኩ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ትገዛለህ።»

«አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልገውም» አለች። «ስሜን ግን እፈልገዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ዓምደሚካኤል ታኮማዋን ሰጥቶ፣ የጎደለውን ጨምሮ፣ ታንድራውን ገዛ። የባህር ዳርን ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ነው፤ ይሄንንም የመረጡት ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ጋራዡ ስለማይቀበለው ከሕንጻው ርቆ ውጭ ያድራል። ሶሊ በመስኮት አይታው «ዩ ጋይስ፣ ማን ነው ይሄን የፈለገው?» አለች። እናትና አባቷ ተያዩ።

የቤዛዊት ስም ግን ተመለሰ። የመጀመሪያው እሑድ ታንድራው ግቢ ሲገባ እትዬ ውብነሽ ቤዛዊትን ገና ከመኪናው ሳትወርድ ሳሟት፤ በሁለቱም ጉንጭ፣ ደግመውም። «ልብሽን ያራራ አምላክ የተመሰገነ ይሁን!» አሏት። ቤዛዊትም «ይመስገን» አለች፤ ምን ትበል? ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ተደርጎላት ዶሮው ተመለሰላት።

በዚያው ወር የቤዛዊት ታናሽ እህት መቅዲ ሲልቨር ስፕሪንግ ወለደች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤዛዊት ነጭ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ገንፎውን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከባሏ ጎን ተሳፈረች። ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ እንደገቡ የጊዲዮን ስልክ ገባ። በታንድራው ውስጥ ስልክ ሲገባ ከየጥግ ያለው ስፒከር ሁሉ ነው የሚናገረው።

«አምዴ ወንድሜ! ቤት እየቀየርኩ ነው፣ ወደ ፌርፋክስ። ይሄ ሶፋ ከማንም መኪና አልገባ አለኝ። ብቅ በልልኝ እስቲ።»

ዓምደሚካኤል ሚስቱን አያት። ፊት ለፊቷን ታያለች፤ እጇ ገንፎው ላይ ነው። ሳንባው ሙሉ አየር ሳበ።

«አይ ጊዲ፣ ዛሬ አልችልም» አለ። «አራስ ልንጠይቅ እየሄድን ነው። አልመጣም።»

መኪናው መሄዱን አላቆመም፤ ሰማዩም አልወደቀም። አንድ ቃል ነው ለካ፤ ልጅቷ እውነቷን ነበር። በራሱ ኮራ።

ጊዲዮን ድምጹን ዝቅ አደረገ። ከስድስት ስፒከር ለሚወጣ ድምጽ ዝቅ ማለት ምንም አይጠቅመውም።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። «አጠገብህ ናት አይደል?»

«ናት፣ ግን እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ...»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እናውቅልሃለን።»

ቤዛዊት ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «ጊዲዬ፣ እንደምን ነህ? ቤዚ ነኝ። መጣን፤ ጠብቀን» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

«እንቢ ብዬው ነበር እኮ» አለ ዓምደሚካኤል።

«ሰማሁ። ጎበዝ ነህ። አንተ እንቢ ስትል የሚቆጠረው ግን በእኔ ነው።»

የተናገረችው ያለ ቁጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። በዚያ ቤት እንቢ ማለት የምትችለው አንድ ሰው ቤዛዊት ነበረች። ለአለቃዋ ትላለች፣ ለዘመድ ትላለች፣ ሲያስፈልግ ለእትዬ ውብነሽም ትላለች፤ ተናግራው ስታበቃ እንቅልፏን ትተኛለች። ዓምደሚካኤል ሳያስፈቅድ ተውሶ፣ ያላለችውን እንቢታ ሁሉ በስሟ ብሎላት ጨረሰው። አሁን የራሷን እንኳ ልትል ብትፈልግ የቀራት የለም። ይሄ ገባው።

መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ቀኙ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ግራው ሮክቪል። ግራውን ያዘ። ገንፎው ጭኗ ላይ ይቀዘቅዛል።

ጊዲዮን ወገቡን ያመዋል፤ ስለዚህ የሶፋውን አንድ ጫፍ የያዘችው ቤዛዊት ናት፤ ነጭ ቀሚሷን በነጠላዋ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ። ሶፋው ታንድራው ላይ ልክክ ብሎ ገባ፤ ቦታም ተረፈ። ጊዲዮን በር ይዞ ቆሞ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰው ደግ ነገር ሲያይ መናገር አለበት የሚል ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አላለፈም።

«ቤዚ፣ እውነቴን ልንገርሽ» አለ። «ሰው እንደሚያወራብሽ አይደለሽም እኮ።»

ቤዛዊት በሶፋው ላይ አሻግራ ባሏን አየችው። ባሏ ገመድ ያስራል፤ ቀና አላለም።